ፓስወርዱ ጠፋ ወይስ አልሞላም? ብሮውዘራችሁ ዝም ሲል ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

“ፓስወርዴ ጠፋ” ብሎ ለሚደውልልኝ ሰው ሁሌም የምመልሰው በጥያቄ ነው። ጠፋ ወይስ አልሞላም? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ብሮውዘር፣ ማለትም ክሮምን የመሰለ የድረ ገጽ መክፈቻ፣ ፓስወርዳችሁን መዝግቦ በመግቢያ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ ይሞላል። የጠፋ ፓስወርድ ከብሮውዘሩ መዝገብ ውስጥ የለም። ያልሞላው ግን እዚያው አለ። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ “ፓስወርዴን ረሳሁ” የሚለውን ይጫንና አዲስ ያወጣል። አዲሱም በማግስቱ አይሞላም። እንደገና ይቀይራል። በመጨረሻ ለአንድ አካውንት አራት አምስት ፓስወርድ ይከማቻል፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት መዝገቡን ክፈቱ። ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፤ “ፓስወርድስ ኤንድ አውቶፊል” ውስጥ “ጉግል ፓስወርድ ማናጀር” የሚለውን ታገኛላችሁ። ፋየርፎክስ ላይ ሦስቱን መስመሮች ተጫኑና “ፓስወርድስ” በሉ። የማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር ኤጅም ሴቲንጉ ውስጥ ተመሳሳይ ክፍል አለው። አይፎን ከሆነ፣ በ2024 ከወጣው አይኦኤስ 18 ጀምሮ “ፓስወርድስ” የሚባል ራሱን የቻለ አፕ አለ። በቀድሞዎቹ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ነው።

እዚያ የድረ ገጹን ስም ፈልጉ። ካለ የዓይን ምልክቷን ተጫኑና ፓስወርዱን እዩት። ከሌለ ወይ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም፣ ወይ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከሚታየው ምልክት ተነስቶ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

“ድሮ ሳልጽፍ ይከፍትልኝ ነበር”

ይህ ብዙውን ጊዜ የፓስወርድ ችግር አይደለም። አንድ ድረ ገጽ አንዴ ካስገባችሁ በኋላ ብሮውዘራችሁ ላይ ኩኪ የሚባል ትንሽ መረጃ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ቀን ስትመለሱ ኩኪውን አይቶ ያሳልፋችኋል፤ ፓስወርድ አልተጠየቀም፣ አልተሞላምም። ሂስትሪ ስታጸዱ ኩኪው አብሮ ከተሰረዘ ግን ድረ ገጹ እንደ አዲስ ሰው ያያችኋል።

መፍትሄው ቀላል ነው። መዝገቡ ውስጥ ፓስወርዱ ካለ አንዴ ግቡበት፣ አለቀ። በየቀኑ የሚያስወጣችሁ ከሆነ ግን ብሮውዘሩ ሲዘጋ ኩኪ እንዲሰርዝ ታዝዞ ይሆናል። ሴቲንግ ውስጥ “ፕራይቬሲ” የሚለውን ክፍል ግቡና ይህን ትእዛዝ አጥፉት። ኮምፒውተር “የሚያጸዱ” ፕሮግራሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ሂስትሪ ስታጸዱ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ክሮም ላይ ከሚሰረዙት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ፓስወርድም ሊኖር ይችላል። እሷ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ከሰረዛችሁ የሄደው ኩኪው ብቻ አይደለም።

“ሴቭ ላድርግ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም”

በጣም የተለመደው ምክንያት ሰውየው ራሱ የረሳው ነው። ከወራት በፊት ያቺ ትንሽ መስኮት ብቅ ስትል፣ ቸኩሎ “ኔቨር” የሚለውን ተጭኗል። ብሮውዘሩ ቃሉን ያከብራል። ለዚያ ድረ ገጽ ዳግመኛ አይጠይቅም። ክሮም ላይ ፓስወርድ ማናጀሩ ሴቲንግ ውስጥ እምቢ የተባሉ ድረ ገጾች ዝርዝር አለ። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ስለ ፓስወርድ በሚያወራው የሴቲንግ ክፍል “ኤክሴፕሽንስ” ይባላል። ድረ ገጹን ከዚያ አውጡት። ከአካውንቱ ወጥታችሁ እንደገና ስትገቡ ይጠይቃችኋል።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ለማስቀመጥ የሚጠይቀው ማብሪያ ራሱ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ። ማብሪያው ደብዝዞ አልነካም ካለ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው የፓስወርድ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቢትዋርደንን ወይም ዋን ፓስወርድን የመሰሉት ሥራውን ራሳቸው ሊይዙ የብሮውዘሩን ማስቀመጫ ሊያጠፉት ይችላሉ። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነው። የአይቲ ክፍሉ ፓስወርድ ማስቀመጥን ከላይ ሊከለክል ይችላል። ክሮም ሜኑው ግርጌ ላይ “በድርጅትዎ የሚተዳደር” የሚል መልእክት ካያችሁ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መታገል ዋጋ የለውም፤ የአይቲ ሰዎቹን ጠይቁ።

በኢንኮግኒቶ ወይም በእንግዳ መስኮት፣ ማለትም ሲዘጋ የሠራችሁትን በማያስቀር መስኮት፣ እየሠራችሁ ከሆነም አይጠይቅም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ሥራው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የገጹ አሠራር ነው። ብሮውዘሩ አንድ ሰው መግባቱን የሚያውቀው ገጹ ሲቀያየር፣ ፎርሙ ሲላክ አይቶ ነው። ገጹ ሳይቀየር በውስጥ ውስጡ የሚያስገባ ድረ ገጽ ያደናግረዋል። ያን ጊዜ አትጠብቁት። ፓስወርድ ማናጀሩ ውስጥ “አድ” የምትል ቁልፍ አለች፤ አድራሻውን፣ ዩዘርኔሙንና ፓስወርዱን በእጃችሁ አስገቡ።

“መዝገቡ ውስጥ አለ፣ ግን አይሞላም”

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እዚህ ነው።

ብሮውዘር የገጹን መልክ አይቶ አይደለም ፓስወርድ የሚሞላው። አርማውን አያይም። ቀለሙን አያይም። “እንኳን ደህና መጡ” የሚለውን ጽሑፍም አያነብም። የሚያየው አድራሻውን ነው። ፓስወርዱን ያስቀመጣችሁበት አድራሻና አሁን የተከፈተው ከተገጣጠሙ ይሞላል። ካልተገጣጠሙ ዝም ይላል። እኛ ሰዎች የዚህ ተቃራኒ ነን። መልኩን እናያለን፣ አድራሻውን አናይም። የሚያታልሉን ሰዎችም በዚህ ነው የሚገቡብን።

አንዲት ጓደኛዬ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አካውንትሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ደረሳት። ስትከፍተው የምታውቀው ገጽ ነው። ኢሜይሏን ጻፈች። ፓስወርዱ ግን እንደ ወትሮው አልሞላም። “ብሮውዘሬ ተበላሸ” ብላ ደወለችልኝ። ፓስወርዱን ከመዝገቡ ኮፒ አድርጋ ልትለጥፈው ነበር። አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቢልኝ አልኳት። በስሙ መሃል አንድ ሰረዝ ተጨምሯል። ብሮውዘሯ አልተበላሸም ነበር። ከእኛ ሁለታችን በፊት አይቶታል።

ስለዚህ ሁሌ ሲሞላ የኖረ ገጽ ድንገት ዝም ካለ፣ መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሱ። አድራሻውን አንብቡ። አነባበቡም ዘዴ አለው። ከሁለቱ የመክፈቻ ሰያፍ መስመሮች በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ሰያፍ መስመር ፈልጉ። ከእሱ በስተግራ ወዳለው ስም ተመለሱና ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ አንብቡ። የድረ ገጹን ባለቤት የሚነግራችሁ መጨረሻ ላይ ያለው ስም ነው። “ፌስቡክ ዶት ኮም” ብሎ የሚጀምርና ከዚያ ነጥብ ጨምሮ በሌላ ስም የሚያልቅ አድራሻ የፌስቡክ አይደለም፤ የዚያ የሌላው ስም ባለቤት ንብረት ነው። ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት “አር” እና “ኤን” ሲጠጋጉ “ኤም” እንደሚመስሉም አትርሱ። ስልክ ላይ አድራሻው ስለሚቆረጥ ደግሞ መስመሩን ተጭናችሁ ሙሉውን እዩት።

ከተጠራጠራችሁ ፓስወርዱን ኮፒ አድርጋችሁ አትለጥፉ። ገጹን ዝጉት። አዲስ መስኮት ክፈቱና አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ፣ ወይም ከቡክማርክ ግቡ። እዚያ ከሞላ፣ የመጀመሪያው ገጽ የውሸት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ። ቀድማችሁ ጽፋችሁበት ከሆነ ደግሞ ጊዜ አታጥፉ። ወደ እውነተኛው ገጽ ገብታችሁ ፓስወርዱን ወዲያው ቀይሩ። ከሁሉም መሣሪያዎች የሚያስወጣውን ትእዛዝ ተጫኑ። ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ ተጠቅማችሁበት ከሆነ እዚያም ቀይሩት።

አድራሻው ትክክለኛ ሆኖ ከተገኘ ግን ሌሎች ምክንያቶች አሉ። አንዳንድ ድርጅት የመግቢያ ገጹን ከዋናው አድራሻ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አድራሻ ያዛውራል። ያን ጊዜ ብሮውዘሩ ራሱ ባይሞላም፣ ሳጥኑ ውስጥ ስትጫኑ አሮጌውን እንደ አማራጭ ሊያሳያችሁ ይችላል። እሱን መርጣችሁ ግቡ፤ በአዲሱ አድራሻ ላስቀምጥ ካላችሁም እሺ በሉት።

ገጹ ያልተመሰጠረ ከሆነ፣ ማለትም አድራሻው የሚጀምርበት ኤችቲቲፒ መጨረሻው ላይ “ኤስ” ከሌለው፣ ፋየርፎክስ ሆን ብሎ ራሱ አይሞላም። የቤታችሁ የዋይፋይ ራውተር ገጽም ብዙ ጊዜ ያልተመሰጠረ ነው። ካልሞላ ሳጥኑን ተጭናችሁ ከዝርዝሩ ምረጡ። ፋየርፎክስ ላይ ዋናውን ፓስወርድ፣ ማለትም “ፕራይመሪ ፓስወርድ” የሚባለውን ካበራችሁ ደግሞ ሲጠይቃችሁ “ካንስል” ካላችሁት መዝገቡ ተቆልፎ ይቀራል። እሱን ከረሳችሁት መልሶ የሚያወጣ መንገድ የለም። ሪሴት ማድረግ ይቻላል፤ ግን የተቀመጡት ፓስወርዶች አብረው ይሄዳሉ።

“ከቴሌግራም የከፈትኩት ሊንክ ላይ አይሞላም”

አፖች ሊንክ ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ውስጥ ባለ ትንሽ ብሮውዘር ነው። ክሮም ይመስላል፣ ክሮም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ክሮም ውስጥ ያስቀመጣችሁት እዚያ ላይታይ ይችላል። ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑና በዋናው ብሮውዘር የሚከፍተውን ምረጡ። እኔ ፓስወርድ የሚጠይቅ ማንኛውንም ገጽ በአፕ ውስጥ ብሮውዘር አልሞላም። አድራሻውን በደንብ ማየት ስለሚያስቸግር ነው።

“ይሞላል፣ ግን ‘ስህተት ነው’ ይለኛል”

እዚህ ላይ ብሮውዘሩ ሥራውን ሠርቷል። የያዘው ነገር ነው ያረጀው። ፓስወርዱን ስልክ ላይ ቀይራችሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ “አፕዴት ላድርግ?” ሲል ሳታዩት አልፋችሁ ይሆናል። መዝገቡን ክፈቱ፣ የዓይን ምልክቷን ተጫኑ፣ ከትክክለኛው ጋር አስተያዩ፣ “ኤዲት” ብላችሁ አስተካክሉ።

ለአንድ ድረ ገጽ ሦስት አራት መዝገብ ካገኛችሁ አትደንግጡ። እኛ ጋ ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ስልክ ቁጥር ነው። አንድ ቀን በ09 ጀምራችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሌላ ቀን በ+2519፣ ሌላ ቀን ዜሮዋን ትታችሁ በ9። ለድረ ገጹ ሦስቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ለብሮውዘሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሦስት መዝገብ ይከፍታል። ከዚያ ፓስወርድ ስትቀይሩ አንዱ ብቻ ይታደስና ሁለቱ በአሮጌው ይቀራሉ። በየትኛው አጻጻፍ እንደምትገቡ ወስኑ፣ እሱን አስቀሩ፣ ሌሎቹን ሰርዙ። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን የምታስቀሩት እንደሚያስገባ ሞክራችሁ አረጋግጡ።

ዩዘርኔም የሌለው መዝገብም ታገኛላችሁ። ይህ የሚፈጠረው ኢሜይሉን በአንድ ገጽ፣ ፓስወርዱን በሚቀጥለው ገጽ በሚጠይቁ ድረ ገጾች ላይ ነው። ብሮውዘሩ ሁለተኛውን ብቻ አይቶ ያስቀምጣል። “ኤዲት” ብላችሁ ዩዘርኔሙን ጨምሩለት።

የኪቦርዱን ነገርም እዩ። የስልክ ኪቦርድ ቃል ሲያሟላ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ይጨምራል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ያደርጋል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሆኖ ፓስወርድ ስትጽፉ፣ ነጥብ ብቻ ስለሚታይ አታውቁትም። ብሮውዘሩ በትክክል መግባታችሁን ሁልጊዜ አይለይም፤ የተሳሳተውንም “ላስቀምጥ?” ሊላችሁ ይችላል። እሺ ካላችሁት ስህተቱን በታማኝነት ይዞ ይኖራል።

ወደ ራውተሩ እንመለስ። ብዙ ራውተሮች በ192.168.1.1 ነው የሚከፈቱት። የቤታችሁም፣ የቢሮአችሁም፣ የወንድማችሁ ቤትም ራውተር ያው ቁጥር ሊሆን ይችላል። ብሮውዘሩ ቁጥሩን እንጂ ቤቱን አያውቅም። ስለዚህ የቤታችሁን ፓስወርድ የቢሮው ራውተር ላይ ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ፓስወርድ በብሮውዘር ባይቀመጥ ይሻላል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የራውተሩ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት።

“ሞልቶታል፣ መግቢያ ቁልፏ ግን አትጫንም”

ነጥቦቹ ይታያሉ፣ “ሳይን ኢን” የምትለው ግን ደብዝዛለች። ገጹ ላይ የትም ቦታ አንድ ጊዜ ተጫኑ። ብዙ ጊዜ እዚያው ትበራለች። ካልሆነ ፓስወርዱ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ጨምራችሁ መልሳችሁ አጥፉ።

ምክንያቱ የሚገርም ነው። ክሮም ገጹ ሲከፈት ፓስወርዱን ሳጥኑ ውስጥ ለእናንተ ያሳያችኋል እንጂ፣ እናንተ ገጹን እስክትነኩት ድረስ ለገጹ ኮድ አያስረክብም። ጥንቃቄው የሚያስፈልግ ነው። በ2017 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ የማስታወቂያ ኮዶች የማይታይ የመግቢያ ሳጥን ገጹ ውስጥ እየደበቁ፣ ብሮውዘሩ ራሱ የሚሞላውን ኢሜይል እንደሚለቅሙ አሳይተዋል። ሰዎቹ ምንም አልተጫኑም፤ ገጹን ከፍተዋል፣ በቃ። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ፓስወርድ በራሱ የሚሞላውን ምልክት ማንሳት ትችላላችሁ። ፓስወርዱ አይጠፋም፤ ሳጥኑን ስትጫኑ ብቻ ይቀርባል። እኔ እንዲህ ነው የምጠቀመው።

“ስልኬ ላይ ድንገት መሙላት አቆመ”

አንድሮይድ ላይ ፓስወርድ የሚሞላው አገልግሎት አንድ ዋና ተመራጭ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ፓስወርድና አካውንት የሚያወራውን ክፍል ግቡ። ሳምሰንግ ላይ “ጀነራል ማኔጅመንት” ሥር ነው። የተመረጠው ጉግል ነው ወይስ ሳምሰንግ ፓስ? አዲስ አፕ ስትጭኑ “እኔን ምረጡ” ብሎ እሺ ብላችሁት ሊሆን ይችላል። ፓስወርዶቻችሁ ጉግል ጋ ተቀምጠው የሚጠየቀው ሳምሰንግ ፓስ ከሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል። አይፎን ላይ “ጀነራል” ውስጥ “አውቶፊል ኤንድ ፓስወርድስ” የሚለው ሥር እዩ።

የመግቢያ ኮድ የሚሰጠውን አፕ፣ የማይክሮሶፍት ኦተንቲኬተርን፣ ለዚህ ትጠቀሙ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ስልካችሁ አልተበላሸም። አፑ በ2025 ይህን ሥራ ትቷል። በሰኔ አዲስ ፓስወርድ መቀበል አቆመ፣ በሐምሌ መሙላት አቆመ፣ ከነሐሴ ጀምሮ የተቀመጡትን ማሳየትም ተወ። ወሮቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ የተቀመጡትን ኤጅ ውስጥ ፈልጓቸው።

እግረ መንገዴን ስለ ሰዓት ላንሳ። ፓስወርዱ ሞልቶ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው የኦተንቲኬተር ባለ 6 አኃዝ ኮድ “ስህተት” የሚባልባቸው ሰዎች አሉ። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። የስልኩን ሰዓት በእጃችሁ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር አዙራችሁት ከሆነ ስሌቱ በ6 ሰዓት ይዛባል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱት። የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ የተለየ አፕ ብትጭኑ ይሻላል።

“ስልኬ ላይ አለ፣ ኮምፒውተሬ ላይ የለም”

መጀመሪያ በሁለቱም ላይ የገባችሁበት ጂሜይል አንድ መሆኑን እዩ። ስልክ ሲገዙ ሱቅ ውስጥ አዲስ ጂሜይል የተከፈተላቸው ሰዎች ሁለት መዝገብ ይዘው ይኖራሉ፣ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። አንድ ከሆነ ደግሞ የመገለጫ ምስላችሁ አጠገብ “እንደገና ግቡ” ወይም “ቆሟል” የሚል መልእክት ፈልጉ። የጂሜይላችሁን ፓስወርድ ስትቀይሩ ሲንኩ፣ ማለትም መዝገቡን በመሣሪያዎቻችሁ መካከል የሚያመሳስለው አገልግሎት፣ ይቆማል። እንደገና ስትገቡ ይቀጥላል።

ባትሪው ያለቀ አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሳል። ያን ጊዜ ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የምስክር ወረቀት አይቀበልም፣ ሲንኩም አይሠራም። ቀኑን አስተካክሉ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ማስቀየር ዘላቂው መፍትሄ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። በፈረንጆቹ ጁላይ 2024 ዊንዶውስ ላይ ክሮም 127ን የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች የተቀመጡ ፓስወርዶቻቸው ከዓይን ጠፉባቸው። ችግሩ 18 ሰዓት ገደማ ቆየ። ጉግል ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ፤ ፓስወርዶቹም መልሰው ታዩ። ስለዚህ መዝገቡ ድንገት ባዶ ከሆነባችሁ ቸኩላችሁ ክሮምን አትንቀሉ፣ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ውስጥ የእናንተን ፓስወርድና ሴቲንግ የያዘውን ክፍል፣ አትሰርዙ። ሌላ መሣሪያ ላይ፣ ወይም በጉግል የፓስወርድ ድረ ገጽ ላይ እዩ። እዚያ ካለ ጠብቁ፣ ብሮውዘሩንም አፕዴት አድርጉ።

“የሌላ ሰው ፓስወርድ እየሞላልኝ ነው”

በጋራ በምትጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ሌላው ሰው አስቀምጦ ሄዷል። ኢንተርኔት ካፌ ከሆነ አትንኩት፤ ራሳችሁ በእንግዳ መስኮት ሠርታችሁ ስትጨርሱ ዝጉት። ቤት ውስጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ፕሮፋይል ክፈቱ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ፕሮፋይል ግን ቁልፍ አይደለም። በአንድ የዊንዶውስ አካውንት የሚጠቀሙ ሰዎች የአንዳቸውን ፕሮፋይል አንዳቸው መክፈት ይችላሉ። ከሰው መደበቅ ያለበት ካለ የዊንዶውሱን አካውንት ለዩ።

“ኮምፒውተሬ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ምንም የለም”

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑ ዘገየበትና ጥገና ቤት ወሰደው። “ዳታህን አስቀምጠንልሃል” አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ፎቶውም ፋይሉም አለ። የክሮምን ፎልደር ሳይቀር በፍላሽ ገልብጠውለታል። ፓስወርዶቹ ግን አልተከፈቱም። ሲንክ አላበራም ነበር። የሥራ ኢሜይሉን መልሶ ለማግኘት ሳምንት ፈጀበት።

ዊንዶውስ ላይ ክሮም ፓስወርዶቹን የሚቆልፈው ከዊንዶውስ አካውንታችሁ ጋር በታሰረ ቁልፍ ነው። ዊንዶውሱ ሲፎረማት ቁልፉ ይጠፋል። ፎልደሩ ቢገለበጥም የተቆለፈ ሳጥን ነው የተገለበጠው። የፋየርፎክስ አሠራር ይለያል። ቁልፉ እዚያው ፕሮፋይል ፎልደሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ሙሉ ፎልደሩ ከተገለበጠ ፓስወርዶቹ ይመለሳሉ። ያንኑ ያህል ግን ፎልደሩ በእጁ የገባ ሰው፣ ዋና ፓስወርድ ካልተደረገበት፣ ሊከፍተው ይችላል።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት፣ ክሮም ላይ ሲንኩ መብራቱንና ፓስወርዶቻችሁ በስልካችሁ መታየታቸውን አረጋግጡ። ሲንክ የማትፈልጉ ከሆነ ፓስወርድ ማናጀሩ ሴቲንግ ውስጥ “ኤክስፖርት ፓስወርድስ” የሚል አለ። ፋየርፎክስም አለው። የሁሉንም ፓስወርድ ዝርዝር በአንድ ሲኤስቪ በሚባል የሰንጠረዥ ፋይል ያወጣላችኋል። ፍላሽ ላይ አድርጉት። ኮምፒውተሩ ሲመለስ “ኢምፖርት” ብላችሁ አስገቡት፣ ሁለት ሦስት አካውንት ገብታችሁ ሞክሩ።

ይህ ፋይል ምንም መቆለፊያ የለውም። የከፈተው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ በኢሜይል አትላኩት። ቴሌግራም ላይ “ሴቭድ ሜሴጅስ” ውስጥ አታስቀምጡት። ፓስወርዶቹ መሥራታቸውን እንዳያችሁ ከፍላሹ ሰርዙት፣ ከዴስክቶፑ ሰርዙት፣ “ዳውንሎድስ” ፎልደርን እዩ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ። ፍላሹን ለሰው ከማዋሳችሁ በፊት ደግሞ ፎርማት አድርጉት።